አዋሽ ላይ የጮኸው ቆርቆሮ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፋሪሃ፣ ኩዌት።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ ፋሪሃዬ። ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ሦስት ጊዜ ስልክ ስለዘጋሽብኝ ሳይደርሱሽ የቀሩት ሁሉ ተጠራቅመው እዚህ ወረቀት ላይ ናቸው። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ በማጠቢያው ኬሚካል የተላጠው እጅሽ በቅባቱ ተሻለው ወይ? እንቅልፍስ ይሰጡሻል? አሮጊቷ እመቤትሽ አሁንም ደወሏን ታቅፋ ነው የምትተኛው? እኛ አልሃምዱሊላህ በሕይወት አለን። ሙሉ አካላችንን ይዘን ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ ብዕር ያነሳሁትም እሱን ልነግርሽ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ኤፊ ናት፤ ፈቃዷ አልቆ እሁድ ወደናንተ ትመለሳለች። ስልክ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን ብትቀጂው እንኳ ቁርጥራጩን ለቅመሽ ማንበብሽ አይቀርም፣ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ቁጭ በዪና እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ በኋላ ስደቢኝ። «እህቴን ሃፍሳን ከትምህርት ቤት አውጥተህ ላክልኝ» ያልሽው ነገር ላይ የምመልስልሽ መጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ካወቅሽ በኋላ ነው።

የሃፍሳ የክፍል ጓደኛ ማሚት ቲክቶክ ላይ የለጠፈችውን አርባ ሰከንድ አይተሻል። ሃፍሳ ጫማዋን ስታወልቅ ይጀምርና ክንዷ ሲሰበር ያልቃል። ከጫማው በፊት የነበረውን ማሚት አልቀረጸችም፤ በሳቅ ፈርሳ ስልኩ ወደ ጣሪያ ዞሮባት ነበር። እኔ ግን መጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። «እህቴን ለነዚህ አራዊት የሰጣት ማን ነው?» ብለሽ ጮህሽብኝ። ከአራዊቱ አንዱ እኔ መሆኔን ስላላወቅሽ ነው። ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ሃፍሳ ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ገብታ የትምህርት ቤቱ የትያትር ክበብ አባል መሆኗን ነግሬሻለሁ። የነገርኩሽ በጎ በጎውን ነበር። ክበቡን የሚመራው የአማርኛ መምህሩ ኃይለ ልዑል ነው፤ ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ደግ ሰው። ችግሩ የራሱን ጽሑፍ በሰማ ቁጥር ያለቅሳል፣ ልምምዱም እሱ እስኪጨርስ ይቆማል። የጻፈው ትያትር ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ጉድጓድ ተጣልተው ትልቁ ታናሹን በዱላ ገድሎ እናታቸው ሬሳው ላይ ስትወድቅ ያሳያል። ገዳዩ መሀመድአሚን ነው፣ ዱብቲ ያደገ የአፋር ልጅ፣ ትከሻው በር የሚያክል። ሟቹ እስክንድር ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ የመለሰ ልጅ፤ ምላሱ እንደ አባቱ መኪና ፍሬን የለውም። እናትየዋ የኛ ሃፍሳ ናት።

እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ እንዴት አንጀት እንደሚያቃጥሉ ብታዪ! እስክንድር አይሞትም። ጽሑፉ «በአንድ ምት ወድቆ ይሞታል» ይላል። እሱ ግን ከተመታ በኋላ ይንገዳገዳል፣ መድረኩን አንዴ ይዞራል፣ ይወድቃል፣ በክርኑ ቀና ይላል፣ መምህሩ ያልጻፈውን ስለ ፍቅርና ስለ አገር ይናገራል፣ ደግሞ ይወድቃል። ሃፍሳ «ልጄን!» ብላ ስትወድቅበት ሬሳው እጁን አንስቶ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ ያጽናናታል። በጥቅምት ሞቱ አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በታኅሣሥ እኔው ራሴ በስልኬ ለካሁት፤ ስድስት ደቂቃ አልፏል።

መሀመድአሚን ደግሞ ማስመሰል የሚባል ነገር አይገባውም። ምታ ከተባለ ይመታል። መምህሩ «ቀስ በል፣ የምትመታው አየሩን ነው» ሲለው «አየሩ ምን አደረገኝ?» ብሎ ጠየቀው። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ያረፍዳል፣ ይቅርታም አይልም። እስክንድር ከሞት በተነሳ ቁጥር ንዴቱ ይጨምራል፤ ተኝቶ እንዲቀርለት አንድ ዱላ ይመርቅለታል።

የኛይቱ ትብሳለች። የሁሉንም ንግግር ሸምድዳ ሌላው ሲናገር ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። አንድ ቃል ከዘለሉ ልቅሶዋን አቋርጣ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፣ «እሱን ከመናገርህ በፊት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ትሄዳለህ» ትላለች። አንድ ቀን መሀመድአሚን ዱላውን እንደያዘ ወደ መምህሩ ዞሮ «መጀመሪያ ይቺን ልግደልና ከዚያ ወንድሜን እገድላለሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሃፍሳ እቤት መጥታ ስትነግረን እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

ለትምህርት ቤቶች የትያትር ውድድር ወደ አዋሽ ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን እስክንድር ብየዳ ቤቴ መጣ። ለትያትሩ የጉድጓዱን አፍ ከአሮጌ በርሜል ስሠራላቸው ነበር። ምንም ሳይል ሸሚዙን ገለበጠ። ፋሪሃ፣ ጀርባው እንደ ሰሌን ተሰነጣጥሯል፤ አንዱ ሰንበር ጠቁሯል፣ አንዱ ገና ቀይ ነው፣ አንዱ መግል ይዟል። «ጋሽ ታጁ፣ ይሄ ልጅ ይገድለኛል» አለኝ። «ታዲያ በአንዱ ምት ለምን አትሞትለትም?» አልኩት። «የኔ ሞት እኮ ነው የትያትሩ ልብ!» ብሎ ተቆጣኝ።

አሁን አንድ አዋቂ ሰው ምን ያደርጋል? እጁን ይዞ መምህሩ ዘንድ ይወስደውና ዱላው እንዲቀር ያደርጋል። እኔ አጎትሽ ግን ምን አደረግሁ? ሳቅ አፈነኝ። ከበርሜሉ የተረፈውን ቆርቆሮ አንስቼ በጀርባው ልክ ቆረጥኩት፤ በመዶሻ እያጎበጥኩ እንደ ኤሊ ልብስ አደረግሁለት፤ ከውስጥ የዱብቲ ጥጥ ጠቅጥቄ በጎማ ማሰሪያ ትከሻውና ወገቡ ላይ አሰርኩለት። ሸሚዙን ሲደርብበት ምንም አይታይም። «ለማንም እንዳትናገር፤ እጁ እስኪዝል ይምታህ» አልኩት። ወላሂ፣ ከሠራኋቸው በሮችና መስኮቶች ሁሉ በዚያ ሥራ ኮራሁ። ጥጡን ያደረግሁት ከውስጥ ብቻ ነበር። ጀርባው እንዳይጎዳ አሰብኩ እንጂ ቆርቆሮው እንዳይጮህ አላሰብኩም። ከውጭ አንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ባለብሰው ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር።

አርብ ጥር 15 ቀን የበርሜል ጉድጓዳችንን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስረን ከሰመራ ተነሳን። እኔም መጋረጃ ሳቢ ተብዬ አብሬ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ አብሮ መቀመጥ ነው የጨረሰን። እስክንድር መተላለፊያው ላይ እየወደቀ ሞቱን ይለማመዳል፤ ሃፍሳ ከኋላ ወንበር ታርመዋለች፤ መምህሩ በመስኮት እያየ ያለቅሳል። ገዋኔ ለምሳ ስንወርድ ያ ጅል ልጅ ሹፌሮች በሚበሉበት መሀል ደረቱን ይዞ ተዘረረ። ሹፌሮቹ የምር መስሏቸው አንድ ጀሪካን ውሃ ደፉበት፤ ውሃው የመሀመድአሚንን ሳህን አጥለቀለቀው። መሀመድአሚን ተነሳ፣ የራሰ እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገና «ነገ በአንድ ምት ትሞታለህ» አለው። እስክንድር ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። እኔም ጠቀስኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሦስተኛው ተራ ላይ የመሀመድአሚን ዘመዶች ተቀምጠዋል፤ አጎቶቹ ከአዋሽ አርባ መጥተዋል፣ የአጎቱ ልጅ ሁመድ ደግሞ ከኛው ጋር ከሎጊያ ተሳፍሮ ነው የመጣው። ልጃቸው ዋና ሆኖ ሲጫወት ሊያዩ ንጹሕ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው። መጀመሪያው እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ሃፍሳ እንኳ ከንፈሯን ሰብስባ ያዘች። ከዚያ ወንድማማቾቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተጣሉና መሀመድአሚን ዱላውን አንስቶ ጀርባውን መታው።

ጓ!

ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ ልጁ በርሜል ነው!» አለ። ያኔ ሳቁ ፈነዳ። መሀመድአሚን ምን እንደጮኸ አልገባውም፤ ዱላውን አገላብጦ አየው። ደግሞ መታ። ጓ! ሰዉ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። እስክንድር ሳቁ ለሱ የተሰጠ መስሎት ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጅ ነሳ። ሦስተኛው ተራ ላይ ብቻ ማንም አልሳቀም። መሀመድአሚን ወደዚያ ሲያይ አየሁት። ሦስተኛው ምት ጀርባው ላይ አላረፈም፤ ከጆሮው በላይ ነው ያረፈው። የቆርቆሮ ድምፅ አልነበረውም። እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነበር።

እስክንድር በአንድ ምት ወደቀ። ንግግርም አላደረገም።

ሃፍሳ «ልጄን!» ብላ ወደቀችበት፤ ትያትሩ ነው የሚያዛት። እጇን ከራሱ ሥር ስታወጣ እስከ አንጓዋ ደም ነው። «እውነት ነው! ኧረ ሰዎች፣ እውነት ነው!» ብላ ጮኸች። ሕዝቡ አጨበጨበ። «ደም ነው! ሐኪም ጥሩ!» ስትል ይበልጥ አጨበጨቡላት። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርግ ነበር። እኔ መጋረጃ የምስብበትን ዘንግ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቆርቆሮው የኔ መሆኑን ከኔና ከተዘረረው ልጅ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ያን ጊዜም እንኳ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ባይታወቅብኝ እያልኩ ነበር።

መሀመድአሚን አራተኛውን አነሳ። ዓይኑን አይቻለሁ፤ ውስጡ ማንም አልነበረም። ሃፍሳ እንደተንበረከከች የላስቲክ ጫማዋን ከእግሯ መዝዛ ብድግ አለችና አፉን አለችው። አንዴ። ደገመችው። ከንፈሩ ተተረተረ፤ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ጭብጨባው በአንዴ ተቋረጠ። ጫማ እነሱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም እዚህ አድገሽ ታውቂዋለሽ፤ ዱላ ቁስል ነው፣ ይድናል፤ በጫማ ፊትን መመታት ግን ለልጁ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ለተቀመጡት ሁሉ ነው። ሁመድ የብረት እግር ያለውን ወንበር ይዞ መድረኩ ላይ ዘለለ። ሃፍሳ ክንዷን ፊቷ ላይ ጋረደች። ወንበሩ ክንዷ ላይ ባያርፍ ኖሮ ፊቷ ላይ ነበር የሚያርፈው። ድምፁን እኔ ካለሁበት ሰማሁት።

የማሚት ቪዲዮ እዚህ ያበቃል። የኔ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጋረጃ የምስብበት የብረት ዘንግ በእጄ ነበር፤ የሁመድን ጉልበት በሱ መታሁት፣ ሲወድቅ ደግሞ ትከሻውን። አልዋሽሽም፣ ሦስተኛም ሰጥቼዋለሁ። ከዚያ አጎቶቹ ደረሱልኝ። ስንት እግር እንደረገጠኝ አላውቅም፤ የጉድጓዱ በርሜል ውስጥ በራሴ ከትተውኝ ከውጭ ሲደበድቡት ጆሮዬ ለሦስት ቀን ጮኸ። የራሴው እጅ ሥራ አሠቃየኝ ማለት ነው። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችም ምክንያቱን ሳያውቁ በወንበር ተጫረሱ። መምህር ኃይለ ልዑል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «ወገኖቼ፣ ይህ ኪነ ጥበብ ነው!» ሲል የውሃ ጠርሙስ ግንባሩን አገኘው። ፖሊስ ገብቶ ሲለየን የፊት ጥርሴ አልነበረችም። አዋሽ ቀርታለች። አሁን ሳፏጭ ያምርብኛል ይላሉ።

እስክንድር ሰባት ስፌት ተሰፋ፤ ሁለት ቀን አስታወከና ዳነ፣ አልሃምዱሊላህ። የሃፍሳ ቀኝ ክንድ ከክርኗ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጄሶ ገባ። ሰመራ ስንመለስ ደግሞ ሌላው መጣ። የሁመድ ወገኖች «የጫማው ነገር ሳይዳኝ ያቺ ልጅ ከትምህርት ቤቱ በር አታልፍም» ብለው ላኩብን። ትምህርት ቤቱም የእርቅ ወረቀት እስክታመጣ ቤቷ ትቆይ አለ። ለሁለት ሳምንት ልጅቷ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ግድግዳ ስታይ ዋለች። አንቺ የደወልሽው በዚያ መሀል ነው።

መምህሩ መፍትሔ አገኘሁ ብሎ መጣ። ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ ከኪሱ አንዲት ገጽ አወጣ። የትያትሩ ገጽ ናት፤ ማታውን አዲስ ጽፏት፣ እንድታረጅ ሻይ ነክሯታል። «እናት ጫማዋን አውልቃ የበኩር ልጇን አፉን ትመታዋለች» ይላል። ሽማግሌዎቹ ፊት ይህ ከቀረበ ጫማው የትያትሩ ነው፣ የሃፍሳ አይደለም፤ ውርደትም የለም። ፋሪሃ፣ እኔ ምን እንዳልኩ ልደብቅሽ? «መምህር፣ አንተ ሰው ብልህ ነህ!» ብዬ ጨበጥኩት። ሃፍሳ ግን ገጿን አንብባ መለሰችለት። «አልልም» አለች። ለመንኳት፤ ትምህርትሽ ነው አልኳት። «አፉ ላይ ነው የመታሁት። ጨዋታ ነበር ካልኩት ሁለተኛ እንደመታሁት ነው። ደግሞ ጨዋታ ከሆነ እስክንድርም አልደማም ማለት ነው» አለችኝ። መምህሩ ግን ገጿን ወደ ኪሱ መለሳት።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሎጊያ ዳር ግራር ሥር ተቀመጥን። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ሼህ ሙሐመድሰዒድ ናቸው፣ የመሀመድአሚን አያት ወንድም፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ጆሯቸው መርፌ ሲወድቅ ይሰማል። መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ መንገድ ላይ ስላዩት ሁሉ ተነጋገሩ፤ ማንም አልቸኮለም። የኔ ላብ ግን ጫማዬ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ መምህር ኃይለ ልዑል ተነሳና ገጿን አቀረበ። ሼሁ ለመሀመድአሚን ሰጡትና «አንብብ» አሉት። ከንፈሩ ገና አልገጠመም፤ እየጎተተ አነበበ። አራት ወር የተለማመደው ትያትር ነው፣ ይህ ገጽ እንደሌለበት ያውቃል። «ይህ ነበር?» አሉት። ልጁ ገጿን አጥፎ ሼሁ ጭን ላይ አስቀመጠ። ሁመድ ተነስቶ ቆመ፤ ከወዲህም የመለሰ ጓደኞች፣ ያ ሁሉ ሹፌር፣ ተነሱ። ዱላ የሌለው ሰው አልነበረም።

ሃፍሳ መሀመድአሚንን ቀደመችው። «አልነበረም» አለች። «የመታሁት እኔ ነኝ። ልጁን እንዳይገድለው ነው። በእጄ የገባው ጫማው ነበር። በጫማ መሆኑ ጥፋቴ ነው፤ መምታቴ ግን አይደለም።» መምህሩ መሬት ብትከፈትለት ይገባ ነበር። ሼሁ ወደ መሀመድአሚን ዞሩ። «አንተስ?» ልጁ መሬቱን እያየ «አራተኛውን ብመታው ይሞት ነበር» አለ። ደግሞ «ሳቁብኝ» አለ። አባባሉ እንደ ትንሽ ልጅ ነበር።

«ለምን ሳቁ?» አሉ ሼሁ። «የሰው ጀርባ ለምን ይጮኻል?» እስክንድር ወደኔ አየ። ሃፍሳ ወደኔ አየች። ያኔ ተነሳሁ። ከእናታችሁ ለቅሶ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። «ቆርቆሮው የኔ ነው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰንበሩን አይቼ ለማንም አለመናገሬን፣ መሳቄን፣ ገዋኔ ላይ መጥቀሴን ሳይቀር። ቆርቆሮውን አስመጥተው እጅ በእጅ አዞሩት። ሼሁ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና «ዕድሜህ ስንት ነው?» አሉኝ። «አርባ ስድስት» አልኩ። «ልጆቹ ልጆች ናቸው። ልጅ ሆነህ ያጣላሃቸው አንተ ነህ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልሰደቡኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ለጫማው እኔ ፍየል ይዤ ዱብቲ የመሀመድአሚን እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ፤ ሄጃለሁ። ሴትዮዋ በር ላይ አቁማ «የልጄን አፍ ሳይሆን የልጄን ስም ነው የሰበራችሁት» አለችኝ፣ ፍየሏን ግን ተቀበለች። መሀመድአሚን እስክንድር ቤት ሄዶ አባትና እናቱ ፊት አጥፍቻለሁ እንዲል፤ ብሏል። ለሃፍሳ ክንድ ሲደርሱ ሼሁ ምን እንደምትፈልግ ራሷን ጠየቋት። ሌላ ነገር አልጠየቀችም። «ትምህርት ቤት ልግባ» አለች። ያኔ ሁመድን አስጠሩትና «ይህን ክንድ የሰበረ እጅ፣ ክንዱ እስኪጠና ድረስ የዚህች ልጅ ክንድ ነው» አሉት።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁመድ እያነከሰ በራችን ቆመ፤ ያነከሰው በኔ ዘንግ ነው። ሰላም አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም። ቦርሳዋን ተቀብሎ ከፊት ሄደ። ከሩቅ ተከተልኳቸው፤ አላመንኩትማ። በሩ ላይ የቆሙት ዘመዶቹ መንገድ ለቀቁ። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ «የጫማዋ ልጅ» ብሎ ሲጠራት ሁመድ ኮሌታውን ይዞ አጥሩ ላይ አጣበቀው። የለቀቀው ሃፍሳ «ተወው፣ ይረፍድብኛል» ስትለው ነው። በግራ እጇ ትጽፋለች፤ ፊደሏ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ግን ትጽፋለች። የትያትሩ ክበብ ለጊዜው ተዘግቷል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ስልክ ላይ አንድ ነገር ተናግረሽ ነው የዘጋሽው። «ለመደብደብማ እዚህም ትደበደባለች፤ እዚህ እንኳ ደሞዝ አለው» አልሽ። እኔ በዚያ ሰዓት ስለ ሃፍሳ ልከራከር ስዘጋጅ ነበርና ቃልሽ ያለፈኝ መሰለኝ። በማግስቱ ብየዳ ላይ ሆኜ ትዝ አለኝ፤ እሳቱን እጄ ላይ አደረግሁት። ፋሪሃ፣ ይመቱሻል? ይህን የሚጠይቅሽ ቀልደኛው ጋሼ ታጁ አይደለም። የእስክንድርን ሰንበር አይቼ የሳቅሁ ሰው ነኝ፤ ያንቺን ሳላይ ስንት ዓመት ስስቅልሽ ኖሬ ይሆን? የእጅሽ መላጥ የኬሚካል መሆኑን እንኳ ያመንኩት አንቺ ስላልሽ ብቻ ነው። እውነቱን ለኤፊ ንገሪያት፤ ለኔ መናገር ከከበደሽ። ነይ ብትዪ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ይሞቃል፣ ማንም ግን ደወል አይደውልብሽም።

የሃፍሳን የልደት ካርድ በኤፊ እጅ ላክ፣ ዕድሜዋን ደላላው ያስተካክላል ብለሽኛል። ኤፊ ይዛ የመጣችው ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ፖስታውን ብታራግፊው ሌላ ነገር አይወድቅም። ካርዱን አልልክም። ክንዷ የተሰበረው እኔ ስላጠፋሁ ነው፤ ለሱ እኔን ቅጪኝ፣ አታናግሪኝ፣ ስሜን አታንሺ። እሷን ግን የሰው ቤት ወንበር ሥር ክንዷን እንድትጋርድ አልሰጥሽም። በዚያ ሁሉ ዱላ ፊት ቆማ «የመታሁት እኔ ነኝ» ያለችን ልጅ ማንም እመቤት አትችላትም፤ ይሰብሯታል እንጂ አታጎነብስላቸውም። ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እህትሽ ናት።

ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ አላህ በሰላም ያድርስሽ። በቁጣ እንዳትጾሚ። ከላይኛው ፎቅ ላለችው ለተስፋነሽ ሰላም በዪልኝ፤ ስትታመሚ ሾርባ ያወረደችልሽን አልረሳንም። ሱቅ ውስጥ ለሚሸጥላችሁ የደሴ ልጅም እንዲሁ። ባለቤቴ ሀምዳ ዓይንሽን ስማ ሰላም ብላሻለች፤ ካርዱን ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ያሰረችው እሷ ናት፣ ብትሰድቢም እኩል ስደቢን። ጎረቤታችን ውባንች በየቀኑ የሃፍሳን ፀጉር ትሠራላታለች፣ አንዲት እጅ አልበቃ ስላላት፤ እሷም ናፍቆቷ ይድረስሽ ብላለች። እስክንድር ስፌቱን ፎቶ አንስቶ ልላክላት ብሎ ለምኖኝ ከልክየዋለሁ፤ ሰላምታውን ግን አደርስልሃለሁ ብዬዋለሁ።

ሃፍሳ ሰላምታ አልላከችም። «ለእህትሽ ምን ልበልልሽ?» ብዬ ስጠይቃት ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «አልመጣም በላት፤ ሌላ አትጨምር። እሺ ስትለኝ ሰላምታውን ራሴ በግራ እጄ እጽፍላታለሁ» አለችኝ።

አጎትሽ ታጁ
ሰመራ፣ የካቲት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.